ዱቄት በበዛ ቁጥር ፓራፋንጎ አይጠነክርም

ከድሬዳዋ ሳቢያን የጻፈልን ወጣት የባጃጅ ፓራፋንጎ በፋይበርግላስ ይጠግናል። ጨርቁን የሚያጣብቀው ፈሳሽ፣ ሬዚኑ ላይ ናኖ ሲሊካ የሚባለውን ነጭ ዱቄት ይጨምራል። «መጀመሪያ አሪፍ ነበር። ይበልጥ ይጠንክር ብዬ እንደ ገንፎ እስኪወፍር ጨመርኩበት። አሁን ኮብልስቶን ላይ ሁለት ቀን ሳይሠራ ብሎኑ ቀዳዳ ጋ ይሰነጠቃል» ይላል።

አቦ፣ ዱቄቱን አትውቀስ። የተሰበረውን ቁራጭ ፀሐይ ላይ አውጣና ስብራቱን እየው። ሰሊጥ የሚያካክሉ ነጭ ነጠብጣቦች ካሉ በጥፍርህ ጫር አድርጋቸው። ዱቄት ሆነው ከረገፉ ነገሩ ሽሮ ሲጓጉል ነው፤ ውጪው በስሎ ውስጡ ጥሬ። ሬዚኑ አልገባባቸውም። ስንጥቁ የሚነሳው ከዚያ ነው።

ቅንጣቱ በጣም ደቃቅ ነው። ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው፤ የሲሊካው ቅንጣት ደግሞ ከ10 እስከ 40 ናኖሜትር ገደማ። የ1 ግራም ዱቄት ገጽ ቢዘረጋ 200 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ አንድ የቤት ቦታ በለው! ሬዚኑ ያን ሁሉ ማርጠብ አለበት። ካልደረሰለት ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ትንሽ ሆኖ በደንብ ሲበተን ሬዚኑን ያጠነክራል፤ ስንጥቅም ቀጥ ብሎ እንዳይሄድ ያደናቅፈዋል። ሲበዛ ግን ለመጥ ማለቱ ይጠፋል። ባጃጅ ላይ ለመጥ የማይል ነገር ዕድሜ የለውም።

ለ1 ኪሎ ሬዚን በ20 ግራም ጀምር። በጣሳ አትለካ፤ ሊትር ሙሉው 50 ግራም ገደማ ብቻ ነውና ዓይን ያታልላል። ማድረቂያው ሃርድነር ሳይገባ፣ ድሪል ላይ በታሰረ መቀላቀያ በደንብ ምታው። አረፋው እስኪወጣ ተወው። በድሬ ሙቀት ሃርድነሩ 1 ከመቶ ይበቃል፤ ከዚያ አትቀንስ፣ በደንብ ሳይደርቅ ይቀራል። ሥራውንም በማለዳ ጨርስ። ማፍጠኛውን ኮባልትና ሃርድነርን ለብቻቸው እንዳታገናኝ፣ ይፈነዳል! ማስክም አትርሳ፤ ዱቄቱ ሳንባ ይገባል።

የብሎኑ ቀዳዳ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እዚያ ጭነቱን የሚሸከመው የፋይበሩ ጨርቅ እንጂ ዱቄቱ አይደለም። ሁለት ድርብ ጨርቅ ጨምርበት፣ ከብሎኑ ሥር ሰፊ ሮንዴላ አስገባ። እኔ ብሆን ዱቄቱን ሳልነካ ከዚህ እጀምር ነበር።