«ልጄ ጠፋ እንጂ አልሞተም»

ደብዳቤው ረጅም ነው። ማንነቷን የሚያሳውቀውን ሁሉ አውጥቼ አሳጥሬዋለሁ።

«29 ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። አባታችን የሞተው ልጆች ሳለን ነው። ታናሽ ወንድሜ በ2010 ዓ.ም. በመተማ በኩል ሱዳን ገባ፤ ከዚያ ሊቢያ። ለደላሎች ሁለት ጊዜ ገንዘብ ልከናል። ለመጨረሻ ጊዜ ሲደውልልኝ ‹ሰሞኑን ባሕር እንገባለን፤ ለእማዬ እንዳትነግሪያት› አለኝ። ከዚያ ወዲህ ወሬው የለም።

እናቴ ዛሬም አልጋውን ታነጥፋለች። በዓል ሲመጣ ከዶሮው የሱን ድርሻ ለይታ ታስቀምጣለች። ‹እስር ቤት ይዘውት ነው› ትላለች። እጮኛ አለኝ። ‹ወንድምሽ ሳይመጣ?› እያለች ሰርጋችንን ሁለት ጊዜ አራዘምን። አጎቴ ‹ተዝካሩን አውጥተን እርማችንን እናውጣ› ቢላት፣ ‹ልጄ ጠፋ እንጂ አልሞተም› ብላ ከቤት አስወጣችው። ባለፈው ወር ጃኬቱን ለጎረቤት ልጅ ሰጠሁ። ብርድ ነበር፤ ልጁም ያሳዝናል። ስታውቅ ‹ገደልሽው› አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አታናግረኝም። እናቴ እያበደች ነው? ደግሞ ለማንም ያልነገርኩት አለ። አንዳንዴ ‹ሬሳው ተገኘ› ቢሉኝ ብዬ እመኛለሁ። ምን ዓይነት እህት ነኝ?»

እህቴ፣

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። እንቅልፍ የነሳሽ እሱ ይመስለኛል። የተመኘሽው ሞቱን አይደለም፤ ቁርጡን ነው። ሁለቱ በጣም ይለያያሉ። ዘመዳቸው የጠፋባቸው ሰዎች ወደ በሩ ዞር ብለው አይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚነግሩኝ ይህንኑ ነው። ሁሉም እሱ ብቻ የሚያስበው ይመስለዋል።

አማርኛችን «ጠፋ» የምትለዋን ቃል ብዙ ያሠራታል። መብራት ይጠፋል፤ ይመጣልም። ቁልፍ ይጠፋል፤ ከሶፋ ሥር ይገኛል። ከርሞ ብቅ ያለን ጓደኛ «ምነው ጠፋህ?» እንለዋለን፣ እየሳቅን። ሻማም ይጠፋል። ያጠፋ ሰው ደግሞ ጥፋተኛ ነው። እናትሽ «ጠፋ» ስትል የያዘችው የመብራቱን ነው። አጎትሽ የሻማውን ሰምቷል። አንቺ ከዚያችው ቃል ውስጥ የሰማሽው ጥፋትን ነው። አንድ ቤት ቁጭ ብላችሁ ሦስት ነገር እያወራችሁ ነው።

እናትሽ እያበደች ነው ወይ? ከጻፍሽው ተነስቼ፣ አይመስለኝም። ምግብ ብትተው፣ ሌሊቱን ሙሉ መተኛት ቢያቅታት ወይም «ምነው በሞትኩ» ማለት ብታዘወትር ሐኪም ጋ ውሰጃት። አልጋ ማንጠፍ ግን በሽታ አይደለም።

ሰው ሲሞት ሥርዓት አለን። መርዶ ነጋሪዎች ማለዳ ይመጣሉ። ድንኳን ይተከላል፤ ዕድሩ ወንበሩን ያመጣል። ከዚያ ሰልስቱ፣ 40ው፣ 80ው፣ ሙት ዓመቱ። ለሀዘኑ ቀን ተቆርጦለታል። ለጠፋ ሰው ግን ድንኳን የለም፤ ንፍሮ የለም። ጎረቤትም የሚለው ይጠፋዋል። «እግዜር ያጽናሽ» ቢል እንደ ገዳይ ይታያል። «ይመጣል» ቢል ደግሞ ራሱም አያምነውም። ስለዚህ ዝም ይላል። ውሎ አድሮ መምጣቱንም ይተዋል። እናትሽ ይህን ሁሉ ዓመት ለቀስተኛ ያልመጣላት ሀዘንተኛ ናት።

ፖሊን ቦስ የምትባል አሜሪካዊት የቤተሰብ ሕክምና ባለሙያ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በቬትናም ጦርነት የጠፉ ወታደሮችን ቤተሰቦች አጥንታ ለዚህ ነገር ስም ሰጥታዋለች። እኔ በአማርኛ «ቁርጡ ያልታወቀ ማጣት» እለዋለሁ። ሁለት መልክ አለው ትላለች። አንደኛው፣ ሰውዬው የለም፤ ከልብ ግን አልወጣም። ሁለተኛው ተቃራኒው ነው። ሰውዬው ከፊትሽ ተቀምጧል፤ እሱነቱ ግን የለም። የመርሳት በሽታ የያዛቸው አዛውንት ያሉበት ቤት ይህን ያውቀዋል።

አንቺ ቤት ሁለቱም ያሉ ይመስለኛል። ወንድምሽ የለም፤ አልጋው ግን በየቀኑ ይነጠፋል። እናትሽ ደግሞ አለች፤ ለአንቺ ግን ከጠፋች ቆይታለች። የአንቺን ሰርግ፣ የአንቺን ድካም የሚያይ ዓይን አልተረፋትም። ስለዚህ የምታለቅሺው ለሁለት ሰው ነው። ብትናደጂባትም አልፈርድብሽም።

አሁን ደብዳቤሽ ውስጥ ቶሎ ብለሽ ያለፍሻት አንዲት መስመር አለች። «ለእማዬ እንዳትነግሪያት።»

ነግረሻታል? አልጻፍሽም። እናትሽ ግን ዛሬም «እስር ቤት ይዘውት ነው» ትላለች። ስለ ባሕሩ አልሰማችም ብዬ ገመትኩ። ገምቼ ከተሳሳትኩ ይቅርታ። ካልተሳሳትኩ ግን ከቤታችሁ የጠፋው ሰው ብቻ አይደለም፤ ወሬም ጠፍቷል። እሷ የምትጠብቀው የታሰረ ልጅ ነው። አንቺ የምታስቢው ጀልባ ነው። እሷ ተስፋ ስታደርግ አንቺ ውሸት ይመስልሻል። አንቺ ጃኬቱን ስታነሺ እሷ ያለ ምክንያት የጨከንሽበት ይመስላታል። እንዴት ትግባቡ? ደግሞ ያን አደራ የተቀበልሽው ገና ልጅ ሆነሽ ነው። እሱም ልጅ ነበር። ለጥቂት ቀን ይበቃል ብሎ የሰጠሽን አደራ ይህን ሁሉ ዓመት ተሸክመሻል።

ንገሪያት። ከመርዶ ሥርዓት የሚጠቅመንን እንዋስ። ብቻሽን አትንገሪያት፤ የምታከብረውና የሚወዳት ሰው አብሮሽ ይቀመጥ። የንስሐ አባቷ ወይም የልብ ጓደኛዋ ይሁኑ። አጎትሽ ግን አይሁን፤ ለተዝካሩ የተላከ ይመስላል። ቤቷ ውስጥ ይሁን፤ ቀኑን ሙሉ አብራችኋት ዋሉ። መርዶ ግን አይደለም። መርዶ «ሞተ» ይላል። አንቺ የምታውቂውን ብቻ በያት፦ «ደውሎ ባሕር እንገባለን አለኝ። እንዳልነግርሽ ለመነኝ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አላውቅም።» ትቆጣለች። «ይህን ሁሉ ዓመት?» ትልሻለች። መልስ አትፈልጊ፤ አልቅሺ። አብራችሁ ያለቀሳችሁበት ቀን የለማ።

ከዚያ አብራችሁ የምትሠሩት ነገር ይኑር። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ከዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ጋር ሆኖ የጠፉ ዘመዶችን ያፈላልጋል። በነፃ ነው። አውሮፓ ያሉ የቀይ መስቀል ማኅበራት ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በኢንተርኔት ፎቶ ያወጣሉ። የሚወጣው የጠፊው ፎቶ አይደለም፤ የፈላጊው ነው። እናትሽ ፎቶ ተነስታ «ልጄን እፈልጋለሁ» ማለት ትችላለች። ይህ በየበዓሉ ሥጋ ከመለየት የተለየ ሥራ ነው። መልስ ይመጣል ብዬ ቃል አልገባም። «አግኝተነዋል፣ ብር ላኩ» ብሎ ለሚደውል ግን አምስት ሳንቲም እንዳትልኩ። «በሰባት ቀን ይደውላል» ለሚል ጠንቋይም እንዲሁ።

ስለ ተዝካሩ፣ ከአጎትሽ ጋር አልስማማም። እሳቸው ለእናትሽ አስበው ሊሆን ይችላል፤ ግን እርም በአዋጅ አይወጣም። ሕጋችን እንኳ አልቸኮለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ 2 ዓመት ወሬው ላልተሰማ ሰው ፍርድ ቤት የመጥፋት ውሳኔ እንዲሰጥ መጠየቅ ይቻላል ይላል። የመሞት አላለም፤ የመጥፋት ነው ያለው። እስከዚያው በክርስትና ስሙ ይጸለይለት። ይህን እናትሽም የምትጠላ አይመስለኝም።

ሰርጉንም ከዚህ ሁሉ ለዪው። አሁን ያለው ነገር «እሱ ካልሞተ እኔ አላገባም» የሚል ሆኗል። እንዲህ ከሆነ ደግሞ ሞቱን መመኘትሽ ምን ይገርማል? ከእጮኛሽ ጋር ቀን ቁረጡ። «ወንድምሽ ሳይመጣ?» ስትልሽ «ይመጣል» አትበያት፤ «አይመጣም» ብለሽም አትከራከሪ። «ቢደርስልኝ ደስታዬ ነበር፤ ባይደርስም አገባለሁ» በያት። በሰርግሽ ቀን ድርሻውን ለይታ ብታስቀምጥ ዝም በያት። እንዲያውም ሳህኑን አንቺ አቀብያት።

ጃኬቱን ግን መልሺላት። ለጎረቤቱ ልጅ ሌላ ግዢለት።