መልስ፦ ሳይነካ ወደ ግራ ስለሚሄደው ጆይስቲክ

ወንድሜ፣ ሁለት ዓመት የተጫወትክበት የፒኤስ 4 ጆይስቲክ ሳትነካው ተጫዋቹን ወደ ግራ እየወሰደው "ልጣለው ወይ?" ብለሃል። ኧረ እንዳትጥለው! ከአናሎጉ (በአውራ ጣትህ ከምትገፋው ዱላ) ሥር የካርቦን ንጣፍ ላይ የሚንሸራተት ትንሽ የብረት ምላስ አለ፤ በተጫወትክ ቁጥር ንጣፉ እየተፋቀ ይሄድና መሃል ላይ ለቀኸውም እንኳ ገፍተኸዋል ብሎ ያነባል። የጨዋታው ሴቲንግ ውስጥ ዴድ ዞን (አናሎጉ ትንሽ ቢነቃነቅም ጨዋታው የማይቆጥረው ክልል) ካለ መጀመሪያ እሱን ትንሽ ጨምር። ከዚያ የኤሌክትሮኒክስ ማጽጃ ስፕሬይ ሞክር፤ አቧራ ከሆነ ይለቃል፣ ንጣፉ ካለቀ ግን ለጊዜው ብቻ ነው የሚያስታግሰው። ያኔ አናሎጉን ብቻ አስቀይር፣ ብየዳ የሚችል ሞባይል ጠጋኝ ይሠራዋል። ሆል ኢፌክት የሚባለውን አናሎግ ካገኘህ ደግሞ አትለፈው፣ በማግኔት ስለሚሠራ እንዲህ የሚፋቅ ንጣፍ የለውም።