ለወሎ ሳሎን የሚሆን የቪዲዮ ማጫወቻ

ከሪያድ፣ ከዱባይ፣ ከዋሽንግተን ወይም ከፍራንክፈርት ለዕረፍት ስትመጡ ለወላጆቻችሁ የቪዲዮ ማጫወቻ፣ ማለትም ከቴሌቪዥን ጋር ተያይዞ ከኢንተርኔት ወይም ከፍላሽ ቪዲዮ የሚያሳይ ትንሽ ዕቃ፣ ይዛችሁ መምጣታችሁ መልካም ነው። ብዙ ዓመት ውጭ ኖሬ ወደ ደሴ ከተመለስኩ ወዲህ ግን በዘመድና በጎረቤት ቤት እየተጠራሁ የማየው ነገር ያስቀኛልም ያናድደኛልም። መቶ ዶላር የወጣበት ማጫወቻ ቡፌ ላይ ተቀምጦ ዳንቴል ለብሷል። ዕቃው ጤነኛ ነው፤ ሪሞቱም ከነፕላስቲኩ አለ። ልጅየው ለራሱ ቤት የሚስማማውን ገዝቶ ላከ፤ እናቱ አንድ ቀን አበሩት፤ መጀመሪያ ኢንተርኔት ጠየቃቸው፣ ቀጥሎ ኢሜይል፣ ቀጥሎ የይለፍ ቃል። እሳቸውም ወደ ሪሲቨራቸው ተመለሱ።

እንግዲህ ምክሬን ከፊት ላስቀምጠው፦ ለወሎ ቤት ማጫወቻ ስትገዙ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ኢንተርኔት ሲጠፋ ምን ይሠራል?» ብላችሁ ይሁን። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

ይህን ጥያቄ የደሴ፣ የኮምቦልቻ፣ የሐይቅና የወልድያ ሰው ከእናንተ በላይ ያውቀዋል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወሎን ባዳረሰ ጊዜ መብራትም ኔትወርክም ጠፍቶ ነበር። በ2015 ክረምት ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆየ። ደህና በሚባልበት ጊዜም ቢሆን ዝናቡ ሲበረታ ኔትወርኩ ይደክማል፤ የወሩ ፓኬጅም ከወሩ በፊት ያልቃል። የልጅ ልጃቸውን የልደት ቪዲዮ ለማየት የሚጓጉ አያት ውጭ አገር ካለ ኮምፒውተር ጋር መገናኘት ካለባቸው ነገሩ ከመጀመሪያውም አልተሳካም።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ቤት ያለውን ዕቃ ፎቶ አስነሡ። «እማዬ፣ የእህቴን ልጅ ጥሪና የቴሌቪዥኑንም የሪሲቨሩንም ጀርባ ፎቶ አንሥቶ ይላክልኝ» ማለት በቂ ነው። የአገራችን ጣቢያዎች በ57 ዲግሪ ምሥራቅ በሚገኘው ኤንኤስኤስ 12 ሳተላይት ላይ ወደ ኢትዮሳት ከተዛወሩ ወዲህ ብዙ ሰው ሪሲቨሩን ቀይሯል፤ ከእነዚህ ሪሲቨሮች አብዛኞቹ የፍላሽ ቀዳዳ አላቸው፤ ቪዲዮም ያጫውታሉ። እናታችሁ ሪሞቱን ለምደውታል፤ የት ተጭኖ ምን እንደሚመጣ ያውቃሉ። ቤሩትና ሪያድ በሰው ቤት እየሠራችሁ ከደመወዛችሁ ለምትቆጥቡ እህቶቼ ደግሞ ይህ ትልቅ ዜና ነው፦ ምናልባት የሚያስፈልጋችሁ አንድ ባለ 64 ጊጋባይት ፍላሽ ብቻ ነው። ሻጭ ይህን አይነግራችሁም።

ፎቶው ሲመጣ የምትፈልጉት ሌላው ነገር ምስልና ድምፅ ባንድ ገመድ የሚገባበት የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ነው። ቴሌቪዥኑ ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ክብ ቀዳዳዎች ብቻ ካሉት ዘመናዊ ማጫወቻ በቀጥታ አይሰካበትም፤ መለወጫ መግዛት ሊኖርባችሁ ነው። መለወጫው ይሠራል፤ የምስሉ ጥራት ግን የድሮው ቴሌቪዥን ጥራት ስለሚሆን ለ4ኬ፣ ማለትም በጣም ለጠራ ምስል፣ ብላችሁ የምትጨምሩት ዶላር ባከነ ማለት ነው።

ሪሲቨሩ ካልበቃና አዲስ ማጫወቻ መግዛት ግድ ከሆነስ? አፕል ቲቪ 4ኬ ጥራቱ የማይታማ ዕቃ ነው፤ ፍላሽ የሚሰካበት ቀዳዳ ግን የለውም። የአማዞን ፋየር ቲቪ ስቲክና የሮኩ ስቲክ የተሠሩት በኢንተርኔት ለመመልከት ነው፤ ሮኩማ ኢንተርኔትና አካውንት ካልሰጣችሁት ሥራውን አይጀምርም። እ.ኤ.አ. በ2024 በመቶ ዶላር ገደማ የወጣው ጉግል ቲቪ ስትሪመር አንዲት የዩኤስቢ ቀዳዳ አለችው፤ እሷም ኤሌክትሪክ የሚቀበልባት ናት። ፍላሽ ለመሰካት ኃይል የሚያሳልፍ ተጨማሪ ማገናኛ መግዛት ነው፤ ለእናት ቤት ደግሞ ሽቦ ባበዛን ቁጥር ጥሪው ወደ እኔ ስልክ ይበዛል።

ለዚህ ጉዳይ የሚሻለው ሙሉ መጠን ያለው የዩኤስቢ ቀዳዳ ኖሮት የጉግል ቲቪን ሥርዓት በሕጋዊ ፈቃድ የሚጠቀም ሣጥን ነው። የሻኦሚ ቲቪ ቦክስ ኤስ ሁለተኛው ትውልድ እንዲህ ያለ ነው። አሜሪካ ላላችሁ ደግሞ ዋልማርት በሃምሳ ዶላር ገደማ ያወጣው ኦን 4ኬ ፕሮ የዩኤስቢም የኔትወርክ ገመድም ቀዳዳ አለው። ሁለት መቶ ዶላር አካባቢ ማውጣት የሚችልና ብዙ ትልልቅ ፋይሎች ያሉት ሰው የኤንቪዲያ ሺልድ ቲቪ ፕሮን ቢገዛ አልቃወምም፤ ሁለት የዩኤስቢ ቀዳዳዎች አሉት፣ የማያጫውተውም የቪዲዮ ዓይነት ጥቂት ነው። ለደሴ ሳሎን ግን የሚበዛ ይመስለኛል።

የትኛውንም ብትገዙ እዚያው ቤታችሁ አስነሡት፣ ቪኤልሲ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫኑበት፣ ከዚያም ዋይፋዩን አጥፉና ፍላሽ ሰክታችሁ ሞክሩት። ከኤሌክትሪክ ነቅላችሁ መልሳችሁ ሰክታችሁም ድገሙት። ያለ ዋይፋይ ተነሥቶ፣ ያለ ጥያቄ ፋይሉን ከፍቶ ካጫወተ ሻንጣ ውስጥ ይግባ። «ኢንተርኔት የለም» ብሎ ካፈጠጠባችሁ ወደ ሱቁ መልሱት። ኮዲም ጥሩ ፕሮግራም ነው፤ ነገር ግን ምናሌው ለማያውቀው ሰው ጫካ ነው። ኮምፒውተር ላይ ያለን ቪዲዮ ወደ ቴሌቪዥን የሚያደርሰው ፕሌክስ አካውንትና ሌላ ኮምፒውተር ስለሚፈልግ ለወላጅ ቤት አላቀርበውም። እናንተ ባላችሁበት አገር ለራሳችሁ ቤት ከሆነ ግን ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራው ጄሊፊን ነፃ ነው፤ አካውንትም ከማንም አይጠይቅም፤ ያረጀ ላፕቶፕ ላይ ጭናችሁ የቤተሰቡን ቪዲዮ በየክፍሉ መመልከት ትችላላችሁ።

አንድ ነገር ላይ ግን ቆም ልበል። በገበያ «አንድሮይድ ቦክስ» እየተባሉ በርካሽ የሚሸጡ፣ ስማቸው የማይታወቅ፣ «ሁሉንም ፊልም በነፃ» የሚል የተለጠፈባቸው ሣጥኖች አሉ። እነሱን አትግዙ። እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካው ኤፍቢአይ ባድቦክስ 2.0 ስለተባለው ወንጀል ሲያስጠነቅቅ የጠቀሰው እንዲህ ያሉትን ነው፦ አንዳንዶቹ ከመሸጣቸው በፊት ተንኮለኛ ፕሮግራም ተጭኖባቸዋል፤ ከቤቱ ዋይፋይ ጋር ሲገናኙ የቤቱን ኢንተርኔት ለሌባ መተላለፊያ ያደርጉታል። በዚያ ላይ የጉግል ፈቃድ ስለሌላቸው ኔትፍሊክስን የመሳሰሉት በእነሱ ላይ ወይ አይከፈቱም ወይ በደበዘዘ ምስል ይከፈታሉ። በዚያው ቤት ዋይፋይ በስልካቸው የባንክ ሥራ የሚሠሩ አባት አሉ፤ ይህን አስቡ።

አሁን ወደ ኤሌክትሪኩ። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርትዝ ነው፤ የአሜሪካው 120 ቮልት ነው። በቻርጀሩ ላይ በደቃቃው የተጻፈውን አንብቡት፤ «100-240» የሚል ካለ ሥጋት የለም። «120» ብቻ ካለ እዚህ ሲሰካ ይቃጠላል። ከዱባይና ከሪያድ የሚመጣው በቮልቴጁ አይቸገርም፤ መሰኪያው ግን ሦስት ጠፍጣፋ እግር ስለሆነ እኛ ጋ ሁለት ክብ እግር ለሚቀበለው ሶኬት ማስተካከያ ጨምሩለት። ከመጥፋቱ ይልቅ የሚጎዳው የመብራቱ አመላለስ ነው፤ ሄዶ ሲመጣ ቮልቴጁ ይዘላል። ስለዚህ ቴሌቪዥኑንም ማጫወቻውንም የሚሸከም ደህና ስታቢላይዘር ከኮምቦልቻ ወይም ከደሴ ገበያ ግዙላቸው፤ ከባድ ስለሆነ ከውጭ መሸከሙ ትርፍ የለውም። በሐምሌና በነሐሴ የጦሳ ሰማይ ሲያጉረመርም ደግሞ የዲሹ ገመድ ሳይቀር ከሪሲቨሩ ይነቀል። መብረቅ በገመዱ በኩልም ይመጣል።

ትንሹን ስቲክ ከቴሌቪዥኑ ዩኤስቢ ኃይል እንዲወስድ አድርጎ መሰካት ብዙዎች የሚወዱት አቋራጭ ነው። የብዙ ቴሌቪዥኖች ቀዳዳ ግማሽ አምፔር ብቻ ስለሚሰጥ ስቲኩ መሀል ላይ እየጠፋ ይነሣል፤ እናታችሁም ተበላሸ ይላሉ። ሃርድ ዲስክም እንዲሁ ነው፤ ሲነሣ ብዙ ኃይል ይጠይቃል። ለወላጅ ቤት የሚሽከረከር ዲስክ ሳይሆን ፍላሽ ወይም ኤስኤስዲ የተባለውን የማይሽከረከር ዲስክ ውሰዱ፤ መብራት መሀል ላይ ሲቋረጥም፣ በመኪና ሲንገጫገጭም ይሻላል።

ቤታችሁ ደላንታ፣ ለጋምቦ ወይም ቦረና ገጠር ከሆነና የሚጠቀሙት በፀሐይ ኃይል ከሆነ፣ ከፀሐይ ባትሪ ጋር የሚመጡት ትንንሽ ቴሌቪዥኖች አብዛኞቹ ራሳቸው ፍላሽ ያነባሉ። ሌላ ሣጥን አትጨምሩባቸው፤ የባትሪውን ዕድሜ ነው የምትበሉባቸው።

ብዙ ቤት ነገሩ የሚበላሸው ማጫወቻው ላይ ሳይሆን ፋይሉ ላይ ነው። አይፎን እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ቪዲዮ የሚቀርጸው ኤችኢቪሲ በተባለ አጻጻፍ ነው፤ ቦታ ይቆጥባል፣ ግን ያረጀ ሪሲቨርና ቴሌቪዥን አያነበውም። ድምፅ እየተሰማ ጥቁር ምስል ከመጣ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። መፍትሔው ሃንድብሬክ በተባለው ነፃ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሁሉንም ወደ ኤምፒ4 ፋይል፣ ኤች.264 ወደተባለው አጻጻፍና ወደ 1080 የምስል ጥራት መለወጥ ነው። ኤች.264 የማያነብ ዕቃ ዛሬ እምብዛም አይገኝም። ፍላሹም በፋት32 የተዘጋጀ ከሆነ ሁሉም ሪሲቨር ያውቀዋል፤ ነገር ግን ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። የሦስት ሰዓት ሰርግ በ4ኬ የተቀረጸ እንደሆነ በአይፎን ስሌት 30 ጊጋባይት ያህል ይሆናል፤ ስለዚህ ሙሽራው ሲመጣ፣ ቡራኬው፣ ምሳው እያላችሁ ቆራርጡት። ለማየትም ይቀላል፤ የሦስት ሰዓት ሰርግ ባንድ ትንፋሽ የሚያይ የሙሽራዋ እናት ብቻ ናት።

የፋይሎቹን ስም በአማርኛ አትጻፉ። ብዙ ያረጁ ሪሲቨሮች የግዕዝ ፊደል ስለሌላቸው ስሙ ባዶ ሣጥን ሆኖ ይደረደራል። 01፣ 02፣ 03 ብላችሁ ቁጥር ስጡትና ዝርዝሩን በወረቀት ላይ በአማርኛ ጽፋችሁ ከሪሞቱ ጋር አኑሩ። በዋትስአፕ ወይም በኢሞ የተላከ ቪዲዮ ደግሞ ተጨምቆ ስለሚደርስ በትልቅ ቴሌቪዥን ላይ ይደበዝዛል። በቴሌግራም ከላካችሁ «ፋይል» አድርጋችሁ ላኩት፤ እስከ 2 ጊጋባይት ሳይነካ ያደርሰዋል።

የድሮ ካሴት ያላችሁ ሰዎች ወደ ፋይል ለማስገልበጥ አትዘግዩ። አሜሪካ የተቀረጸ የቪኤችኤስ ካሴት የቀረጻ ሥርዓቱ ኤንቲኤስሲ ነው፤ አገር ቤት የተቀረጸው ፓል ነው። ገልባጩ የያዘው ማጫወቻ የካሴታችሁን ዓይነት የማያነብ ከሆነ ምስሉ ይንከባለላል፣ ቀለሙም ይጠፋል፤ ሰዎቹ ካሴቱ ሞቷል ብለው ይመልሱላችኋል፤ አልሞተም። የሰርጉ ብቻ አይደለም፤ በየቤቱ በቴፕ ካሴት የተቀዳ የአያቶች መንዙማ አለ፤ ወሎ ለዚህ ሀብታም ናት። እሱንም ወደ ኤምፒ3 አስገልብጡና እዚያው ፍላሽ ላይ ለብቻው ፎልደር አኑሩት። ከአስሩ ፊልም ይልቅ እሱ ይደመጣል። ከሁሉም ሁለት ቅጂ ይኑር፤ አንዱ እናንተ ጋ፣ አንዱ አገር ቤት።

በኢንተርኔት ስለመመልከትም ልበል። ወላጆቻችን የሚያዩት በአብዛኛው ዩቲዩብ ነው፦ ድራማ፣ መዝሙር፣ መንዙማ፣ ዜና። ኔትፍሊክስ ከእ.ኤ.አ. ጥር 2016 ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ ይሠራል፤ ነገር ግን የውጭ አገር አካውንታችሁን ደሴ ላይ መክፈት የሰው ወርቅ አያደምቅ ነው፤ ከ2023 ወዲህ ኩባንያው ከቤታችሁ ውጭ ያለን ቴሌቪዥን ማረጋገጫ እየጠየቀ ይዘጋል። ኔትፍሊክስ ራሱ ለሙሉ ኤችዲ የሚመክረው ፍጥነት በሰከንድ 5 ሜጋቢት ነው፤ በሰዓት ከ2 ጊጋባይት በላይ ይሆናል። በሞባይል ፓኬጅ ለሚኖር ቤት ይህ ከባድ ነው። ዩቲዩቡን 480 ላይ አድርጉላቸው፤ ለሳሎን ይበቃል። አካውንቱንም በእናንተ ስም አታስነሡት፤ ለቤቱ አዲስ ኢሜይል ክፈቱ። አለዚያ የማረጋገጫ ኮዱ ዋሽንግተን ላይ በሌሊት ስልካችሁን ያስጮኸዋል፤ ጠዋት ዩቲዩብ ስትከፍቱም የሚጠብቃችሁ የእናታችሁ ድራማ ክፍል 74 ነው።

ሪሞቱ ተራ ባትሪ የሚወስድ መሆኑንም እዩ። የአፕል ሪሞት በገመድ ነው የሚሞላው፤ ገመዱ ሲጠፋ ዕቃው ሁሉ ይቆማል። ትሪፕል ኤ ባትሪ ግን ደሴ ፒያሳም፣ ሐይቅም፣ ባቲ የሰኞ ገበያም አይጠፋም።