በግቢ ውስጥ ላስቲክ ቤት አበባ ለማልማት፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ስድስት ኪሎ ግቢያችን ውስጥ 4 በ10 ሜትር የሆነ ላስቲክ ቤት አለኝ። ለእቅፍ የሚሆን ተቆራጭ አበባ አበቅልበታለሁ። «ስለ ዕቃውና ስለ አሠራሩ ያላችሁን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር፤ ብዙ ጥያቄ መጣ። የምችለውን ያህል መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ያን ያህል አይበርድም። ላስቲክ ቤት ለምን ያስፈልጋል? (ከካዛንቺስ)

እህቴ፣ ጥሩ ጠየቅሽ። እዚህ ላስቲክ የምንዘረጋው በዋናነት ለሙቀት አይደለም፤ ለሐምሌና ነሐሴ ዝናብ፣ ለበረዶም ነው። ደርሶ ሊቆረጥ የነበረ ግላዲዮለስ በሩብ ሰዓት በረዶ ሲሰባበር አይቻለሁ። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ቢኖርም አብዛኛው አበባ ይችለዋል። ስለዚህ ገንዘብሽ ማሞቂያ ላይ አይዋል። መጀመሪያ አየር ማስገቢያ ላይ አውጪው።

ጥያቄ፦ አየር ማስገቢያው እንዴት ይሠራ? (ከፒያሳ)

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልመልስ፤ ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ነው። እኔም በመጀመሪያው ክረምት ዝናብ እንዳይገባ ብዬ ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁት። አንድ ቀን ጠዋት 1 ሰዓት ላይ በሩን ስከፍት ከጣሪያው ላስቲክ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። የካርኔሽኑን እምቡጥ በጣቴ ነካ ሳደርገው ግራጫ አቧራ ቦነነ። አቧራ አልነበረም፤ ሻጋታ ነው። ቦትራይቲስ ይባላል። እርጥበት ቅጠልና እምቡጥ ላይ ሲያድር ይፈላል። ግማሹን መደብ ነቅዬ ጣልኩት።

አሁን እንዲህ ነው የማደርገው። ከታች 40 ሳንቲሜትር ከፍታ ያለው፣ እግሩ አፈር ውስጥ የተቀበረ ለብቻው ላስቲክ አለ፤ ፍንጣቂ ያስቀራል። ከሱ በላይ ያለው ጎን በቱቦ እየተጠቀለለ 1 ሜትር ያህል ይከፈታል። ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ከፊትም ከኋላም ጫፉ አካባቢ መስኮት አለው። ክረምትም ቢሆን ጠዋት ጠዋት እከፍታለሁ። በጋ ላይ ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት ካልተከፈተ ውስጡ እንደ ምድጃ ይሆናል። መስኮቱ ላይ መረብ ስታደርግ በጣም ጥቅጥቅ ያለውን አትምረጥ። ትሪፕስ የሚባሉትን ጥቃቅን ተባዮች ይከለክላል፣ ግን አየሩንም ያፍነዋል።

ጥያቄ፦ የግንባታ ላስቲክ መርካቶ በርካሽ አገኘሁ። ይሆናል? (ከተክለ ሃይማኖት)

አይሆንም ወንድሜ። የእኛ ፀሐይ በወራት ውስጥ ያደርቀውና ይቀዳዳል። ለግሪንሃውስ ተብሎ የተሠራ፣ ፀሐይ መቋቋሚያ ያለው ውፍረቱ 200 ማይክሮን የሆነውን ግዛ። ለቋሚው ባህር ዛፍም ይበቃል፤ ጉጡን ግን በደንብ አለስልሰው። የብረት ቱቦ ከሆነ ላስቲኩ የሚያርፍበትን ቦታ ነጭ ቀለም ቀባው። የጋለ ብረት ላስቲኩን ቶሎ ይበላዋል። ስትወጥረው ፀሐይ ወጥታ ነፋስ የሌለበትን ሰዓት ምረጥ። ላስቲክ ሲሞቅ ይለጠጣል፤ ያኔ የወጠርከው ሲቀዘቅዝ እንደ ከበሮ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣልን። ምን ይሻላል? (ከልደታ)

ሮቶ ከመሬት 1 ሜትር ከፍ አድርገው ያስቀምጡ። ጠብታ መስኖ በዝቅተኛ ግፊት የሚሠራ ዓይነት አለው፤ ለ10 ሜትር መደብ ፓምፕ አያስፈልግም። ማጣሪያውን ግን አይተዉት፣ ቀዳዳዎቹ ቶሎ ይደፈናሉ። ደግሞ ጣሪያውን ይጠቀሙበት። 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ40 ካሬ ላይ ሲወርድ 800 ሊትር ነው። አሸንዳ ካለዎት ከሮቶ ጋር ያገናኙት። ከላይ በጎማ ማርከፍከፉ ግን ይቅር፤ ሻጋታውን እየጠሩት ነው።

ጥያቄ፦ ክሪሳንተመም ተከልኩ። ስንዝር ሳይሞላ አበበብኝ። ማዳበሪያ አንሶት ይሆን? (ከአራት ኪሎ)

ማዳበሪያ አይደለም፣ ብርሃን ነው። ክሪሳንተመም ሌሊቱ ሲረዝም የሚያብብ አበባ ነው። የእኛ አገር ቀን ዓመቱን ሙሉ ወደ 12 ሰዓት ስለሚጠጋ፣ ገና ችግኝ ሳለ «ጊዜዬ ደረሰ» ይላል። ከመደቡ በላይ አምፖሎች ስቀይ። ከሌሊቱ 4 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ይብሩ። ዘንጉ 30 ሳንቲሜትር ሲደርስ ታጠፊያቸዋለሽ፤ ከዚያ በኋላ እንደ ዝርያው በ2 ወር አካባቢ ያብባል። ይህን የነገረኝ አበባ እርሻ የሠራ ጎረቤቴ ነው፤ እስካሁን አመሰግነዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጽጌረዳስ? (ከሜክሲኮ)

ለግቢሽ ውበት ትከይ፤ ለሽያጭ ግን አልመክርም። ሆለታ፣ ሰበታና ቢሾፍቱ ትልልቅ እርሻዎች አሉ፤ በዋጋ አንችላቸውም። ግላዲዮለስ፣ ስታቲስና ካርኔሽን ይሻሉሻል።

ጥያቄ፦ ካርኔሽኔ ተንጋደደ። ምን ልግዛ? (ከለገሀር)

ዘንግ የሚደግፍ መረብ። ባለ 15 ሳንቲሜትር አራት ማዕዘን ዓይን ያለውን። ሳትተክል በፊት መደቡ ላይ ዘርጋው፤ ተክሉ ሲያድግ ከፍ ታደርገዋለህ። ሁለተኛ ንብርብር በኋላ ይጨመራል። አድጎ ከተንጋደደ በኋላ መረብ ማጥለቅ ዘንጉን መስበር ነው።

ጥያቄ፦ ግላዲዮለስ መቼ ይቆረጥ? (ከፒያሳ)

የታችኛው አንድ ወይም ሁለት እምቡጥ ቀለሙን ብቅ ሲያደርግ፤ ሌላው ባልዲ ውስጥ ይፈነዳል። ጠዋት በማለዳ፣ ፀሐይ ሳትበረታ ቁረጪ። ባልዲውን ከዋዜማው በበረኪና አጥበሽ ውሃ ሞልተሽ እዚያው መደቡ አጠገብ አስቀምጪ። ሲቆረጥ ወዲያው ውሃ ውስጥ ይግባ። ቢያንስ 4 ቅጠል ተክሉ ላይ ተዪለት፤ እንደ ሽንኩርት ያለው ዘሩ ለሚቀጥለው የሚወፍረው በነሱ ነው።