20 ከረጢት ሪንገር ላክቴት ስንት ሰው ያድናል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የምሠራው ዘጌ ባለ የጤና ተቋም ነው። የካቲት 16 የኪዳነ ምሕረት ንግሥ ሲደርስ ምዕመኑ በጀልባም በመኪናም ይጎርፋል። አተት (እንደ ኮሌራ ያለ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) ቢነሳ ዝግጁ መሆናችንን በቅጽ ሞልተን ልከናል። መጋዘናችን ውስጥ ግን ያለው በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ፣ ባለ 1 ሊትር ሪንገር ላክቴት፣ 20 ከረጢት ብቻ ነው። ይበቃል? (የጤና ባለሙያ፣ ከዘጌ)

መልስ፦ አይበቃም። ፈሳሽ ክፉኛ ያለቀበት ታካሚ በ3 ሰዓት ውስጥ ለእያንዳንዱ ኪሎ 100 ሚሊ ሊትር በደም ሥር ማግኘት አለበት። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 6 ሊትር ማለት ነው። ከዚህም 1.8 ሊትሩ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት፣ ቀሪው 4.2 ሊትር በሁለት ሰዓት ተኩል ይገባል። (ዕድሜው ከአንድ ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ያው መጠን በ6 ሰዓት ይዳረሳል፤ 30 ሚሊው በ1 ሰዓት፣ 70ው በ5 ሰዓት።) ስለዚህ 20 ከረጢት ሦስት ሰው አክሞ ሁለት ከረጢት ይተርፈዋል።

ለዕቅድ የሚያገለግለው የተለመደ ስሌት ለ100 የኮሌራ ታካሚ 120 ሊትር ሪንገር ላክቴትና 650 ከረጢት ኦ.አር.ኤስ (በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣ ንጥረ ነገር) ነው። ከመቶው 20 ያህሉ በጠና ይታመማሉ፣ የቀሩት በአፍ በሚወሰድ ይድናሉ ተብሎ የተሠላ ነው። መጠነኛ ድርቀት ላለበት ሰው ኦ.አር.ኤስ በ4 ሰዓት ለእያንዳንዱ ኪሎ 75 ሚሊ ሊትር ይሰጠዋል። 120ውን ከረጢት ዘጌ ላይ ማከማቸት ግድ አይደለም። ግን የት እንዳለ፣ ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለና በሌሊት በየትኛው ጀልባ እንደሚመጣ፣ የጀልባው ነዳጅ ጭምር ዛሬውኑ ተጽፎ ይቀመጥ።

ቅጹ የማይጠይቀው ነገር ደግሞ ካኑላ፣ ማለትም ፈሳሹ በደም ሥር የሚገባበት ቱቦ ነው። 22 ወይም 24 ቁጥር ቀጭን ካኑላ ብቻ ካላችሁ 1.8 ሊትር በግማሽ ሰዓት አይገባም፤ ከረጢቱ ተሰቅሎ ታካሚው ይሞታል። ለአዋቂ ወፍራሙን፣ 16 ወይም 18 ቁጥር ያዙ፤ አንዱ መስመር ካልበቃ ሁለቱንም ክንድ ተጠቀሙ። ደም ሥር ካልተገኘና ታካሚው መጠጣት ካቃተው በአፍንጫ ቱቦ ኦ.አር.ኤስ ይሰጣል። ወደ ባሕር ዳር ሲላክም ጀልባው ላይ ፈሳሹ መቋረጥ የለበትም።

የሰገራ ናሙና የሚወሰደው አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ነው። ኬሪ ብሌር በሚባለው የማጓጓዣ ብልቃጥ ከገባ በኋላ በክፍል ሙቀት ይቆያል። ጥንቃቄ መስሏቸው ፍሪጅ የሚከቱት አሉ፤ ባክቴሪያው እዚያ ይዳከምና ውጤቱ «የለም» ተብሎ ይመጣል። ሕክምናም ሆነ ሪፖርት ግን ውጤት አይጠብቅም። ጥርጣሬው ራሱ በ30 ደቂቃ ውስጥ ወረዳ መድረስ አለበት።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ውስጥ በግል ክሊኒክ የጽዳት ኃላፊ ነኝ። ክሎሪን ስንበጠብጥ አንዱ ሠራተኛ በጭልፋ፣ ሌላው በእፍኝ ይለካል። ትክክለኛው ልክ ስንት ነው?

መልስ፦ 70 በመቶ የሆነውን ዱቄት ከያዛችሁ አንድ ልሙጥ የሾርባ ማንኪያ ወደ 15 ግራም ነው። ለእጅ መታጠቢያ (0.05 በመቶ) በ20 ሊትር ጀሪካን አንድ ማንኪያ ይበቃል። ለወለል፣ ለአልጋና ለመጸዳጃ ቤት (0.5 በመቶ) በዚያው 20 ሊትር 10 ማንኪያ ያህል ይገባል። ለትውከትና ለተቅማጥ ባልዲ እንዲሁም ለአስከሬን (2 በመቶ) በ10 ሊትር 20 ማንኪያ። ዱቄት ከሌለ 5 በመቶ በረኪና ውሰዱና ለወለል አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ፣ ለእጅ ደግሞ አንድ በ99 አድርጉ። የጠርሙሱን ጽሑፍ ግን አንብቡ፤ ከ5 በመቶ በታች ከሆነ ስሌቱ ይፈርሳል።

ከበጠበጣችሁ በኋላ ግማሽ ሰዓት አስረጉትና ከላይ ያለውን የጠራውን ቅዱ፤ አተላው ቧንቧ ይደፍናል። ዕቃው ፕላስቲክ ይሁን፣ ይከደን፣ ፀሐይ አይንካው። በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ግለቱን የምታውቁት ናችሁና የትናንቱ ለዛሬ አይሆንም፤ በየቀኑ አዲስ ይበጠበጣል። ወለሉ ላይ ያለው ቆሻሻ ቀድሞ ካልተጠረገ ክሎሪኑ ቆሻሻው ላይ ያልቅና ጀርሙ ይተርፋል። ከአሲድ ጋር፣ ከመጸዳጃ ቤት ማጽጃም ጋር በፍጹም አታደባልቁ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ሰው ላይ መርጨትም ይቅር፤ ዓይን ከማቃጠል በቀር የሚፈይደው የለም።

ጥያቄ፦ ማርበርግ የሚባለው ገዳይ የቫይረስ በሽታ የታየው በደቡብ ኢትዮጵያ፣ ጂንካ ነው። እኛ ጣና ዳር ሆነን ስለ እሱ መሠልጠናችን ገንዘብ ማባከን አይሆንም?

መልስ፦ በኅዳር 2018 በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የማርበርግ ወረርሽኝ መከሰቱ የተረጋገጠው እርግጥ ጂንካ ነው። ነገር ግን ቫይረሱ ምልክት ሳያሳይ ከ2 እስከ 21 ቀን ይቆያል፤ ሰው ጤነኛ ሆኖ ተሳፍሮ እዚህ ሊታመም ይችላል። መጀመሪያ የሚታየው ትኩሳት፣ ራስ ምታትና ቁርጥማት ስለሆነ የእኛ አገር ነርስ ወባ ነው ብላ ጣት መብጋቷ አይቀርም። አደጋው እዚያ ጋ ነው። የደም ምርመራ ከመደረጉ በፊት፣ ገና በር ላይ፣ «ባለፉት 21 ቀናት የት ነበሩ? የታመመ ሰው አስታመዋል? ቀብር ላይ ነበሩ?» ተብሎ ይጠየቅ። መልሱ ካጠራጠረ ሰውየው የራሱ መጸዳጃ ወዳለው ክፍል ይገባል፣ በተራ ላቦራቶሪ ደም አይቀዳም፣ ወደ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነፃ መስመር 8335 ይደወላል። ወባ ተገኘበት ማለትም ማርበርግ የለበትም ማለት አይደለም።

ሥልጠናውን በተመለከተ የምንነቅፈው አለን፤ ሰዓቱ የሚያልቀው የመከላከያ ልብስ መልበስ ላይ ነው። ሰው የሚያዘው ሲያወልቅ ነው፤ ላብ ያሰምጠዋል፣ ይቸኩላል፣ በጓንቱ ፊቱን ይጠርጋል። ስለዚህ አንድ ተመልካች ቆሞ እያንዳንዱን ደረጃ ጮክ ብሎ ያንብብለት። የውጭ ጓንትና ሽርጥ ይቀድማሉ፣ ጋዋን ይከተላል፣ መነጽር ቀጥሎ፣ ማስክ መጨረሻ፤ በየመሃሉ እጅ ይታጠባል።

የወረዳችሁን አቅም ለመለካት ማርበርግን መጠበቅ የለባችሁም። ባለፈው ኩፍኝ ሲነሳ የመጀመሪያው ልጅ መቼ ታመመ፣ መቼ ተለየ፣ መቼ ሪፖርት ተደረገ፣ ሥራው መቼ ተጀመረ? ዓለም አቀፉ መለኪያ በ7 ቀን መለየት፣ በ1 ቀን ማሳወቅ፣ በ7 ቀን የመጀመሪያውን ምላሽ ማጠናቀቅ ነው። መዝገቡን አውጡና ቀኖቹን ቁጠሩ።