በቀን አንድ ሲኒ ዘይት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ስኳርህ ጠርዝ ላይ ነው ተብለሃል። ትራይግሊሰራይድህ (በደም ውስጥ የሚዞረው ስብ) 280፣ ጥሩው ኮሌስትሮል 36፣ መጥፎው 150። ነርሷ የሰፈራችሁ የስኳር መከላከያ ቡድን ውስጥ ግባ ብላሃለች። አንተ ደግሞ «እሱ ለስኳር ነው፣ ለደም ቅባቴ ምን ይፈይድልኛል?» ብለህ ጠየቅህ። የዛሬ ሁለት ዓመት እኔም ይህንኑ ጠይቄ ነበር። አጭሩ መልስ፦ ለትራይግሊሰራይድህ በደንብ ይጠቅማል፣ ለጥሩው ትንሽ ይጨምርልሃል፣ ለመጥፎው ግን ብዙ አትጠብቅ። ረጅሙን ሻይህን ይዘህ አንብበው። ያለ ስኳር።

እዚሁ ጎንደር አራዳ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ 52 ዓመቴ ነው። ቀኑን ሙሉ መኪናው ላይ ተቀምጬ እውላለሁ። የመጀመሪያ ምርመራዬ ራሱ ጉድ ነበር። ጥር 13 ሄጄ ደም ሰጠሁ። አስበው፣ የቃና ዘገሊላ ማግስት! ከከተራ ጀምሮ ዘመድ ቤት ጠላውንም ጥብሱንም ስል ከርሜ፣ ጠዋት ደግሞ ፍርፍር በልቼ ነው የሄድኩት። ላቦራቶሪው ውስጥ «ቁርስ በልተሃል ወይ?» ያለኝ ሰው የለም። ትራይግሊሰራይድ 312 መጣ። እንቅልፍ አጣሁ። የቡድናችን መሪ፣ ጎረቤቴ ሲስተር፣ ወረቀቱን አይታ ሳቀች። «ይሄ ያንተ ሳይሆን የጥምቀት ውጤት ነው» አለችኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ማታ በጊዜ በልቼ፣ ለ12 ሰዓት ያህል ከውሃ በቀር ምንም ሳልቀምስ ድጋሚ ሰጠሁ። 241 ሆነ። አሁንም ከፍ ያለ ነው፣ መሆን ያለበት ከ150 በታች ነው። ግን እውነተኛው ቁጥሬ እሱ ነበር። ያንተ 280 በባዶ ሆድ ነው ወይስ እንደኔ?

ቡድናችን ከዕድራችን የተውጣጣን አሥራ አንድ ሰዎች ነን። እሁድ ከቅዳሴ መልስ እንገናኛለን። ሲስተር የምትከተለው ትልቁን የአሜሪካ የስኳር መከላከያ ጥናት ነው። ከ3,200 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት፣ ውጤቱ በፈረንጆች 2002 የወጣው። ግቡ ሁለት ነው፦ ከክብደት 7 በመቶ መቀነስ፣ በሳምንት 150 ደቂቃ መንቀሳቀስ። አኗኗራቸውን የለወጡት ስኳር የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር ክኒን የወሰዱት በ31 በመቶ። ይህ ሁሉ መድኃኒት የሌለበት ክኒን ከተሰጠው ሦስተኛ ቡድን ጋር ሲነጻጸር ነው። ቅባቱም አብሮ ታይቷል። ትራይግሊሰራይድ ከሁሉ ይበልጥ የወረደው አኗኗራቸውን በለወጡት ላይ ነው፣ ጥሩውም ከፍ ብሎላቸዋል። የመጥፎው መጠን ግን በሦስቱም ቡድኖች ያው ነበር ማለት ይቻላል። በኋላ ኢንዲያናፖሊስ ከተማ ውስጥ ይህንኑ ትምህርት ሐኪም ባልሆኑ አሠልጣኞች በሰፈር ስፖርት ማዘውተሪያ ሞከሩት። እዚያም ሰዉ ከክብደቱ 6 በመቶ ገደማ ቀነሰ፣ አጠቃላይ ኮሌስትሮሉም በ22 ነጥብ ገደማ ወረደ። ስለዚህ የሰፈር ቡድን ነው ብለህ አትናቀው።

ትራይግሊሰራይድ ቀድሞ የሚወርደው ለምንድን ነው? ጉበት የተረፈውን ስኳር፣ እንጀራና ዳቦ፣ ጠላና አረቄ ወደ ስብ ቀይሮ ወደ ደም ይለቀዋል። ስኳሩ ጠርዝ ላይ የደረሰ ሰው ጉበት ደግሞ በዚህ በኩል ለጋስ ነው። ሆድህ ሲቀንስና ስትራመድ ፋብሪካው ሥራ ይፈታል።

አሁን ወደ ዘይቱ። በአራተኛው ሳምንት ሲስተር አንድ የቤት ሥራ ሰጠችን። «ጀሪካኑ ላይ የከፈታችሁበትን ቀን ጻፉ፣ ሲያልቅ አምጡልኝ።» የእኛ ቤት ባለ 5 ሊትሩ በ14 ቀን አለቀ። አምስት ሰው ነን። አካፍላ አካፍላ፣ ለአንድ ሰው በቀን 71 ሚሊ ሊትር ደረሰ። የቡና ሲኒ አንስታ ውሃ ሞላችና ፊቴ አስቀመጠችው። «ይህን ያህል ዘይት በየቀኑ ትጠጣለህ።» ዝም አልኩ። ጊዜው ሁዳዴ ነበር። እኔ ደግሞ ሥጋና ቅቤ ስለተውኩ ቅባቴ የሚወርድ መስሎኝ ነበር!

ባለቤቴ መጀመሪያ ተቆጣች። ወጥ ያለ ዘይት ምን ወጥ ነው ብላ። በኋላ የእናቷን ዘዴ አስታወሰች። ሽንኩርቱን በደረቁ ታቁላላለች፣ እንዳያር ውሃ ጠብ ታደርጋለች፣ ዘይቱን መጨረሻ ላይ በማንኪያ። አሁን ጀሪካኑ አምስት ሳምንት ይደርሳል። ሌላውን ላሳጥረው፦ እንጀራ ከሁለት ወደ አንድ፣ ለስላሳ ቀረ፣ ጠላ ለበዓል ብቻ፣ በሳምንት አምስት ቀን ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሽቅብ ግማሽ ግማሽ ሰዓት። ዳገቱ ነፍስ ያወጣል፣ ግን አሥር ሰው እየጠበቀህ አትቀርም። ሚዛን ላይ በሰው ፊት መውጣትም ቀላል አይደለም። ከቡድን ሌላ ይህን የሚያስደርግህ የለም።

በስድስት ወር ከ83 ኪሎ ወደ 77 ወረድኩ። ትራይግሊሰራይድ 158። ጥሩው ከ34 ወደ 39። መጥፎው? ከ148 ወደ 141። ያ ሁሉ ዳገት ለሰባት ነጥብ! ተናደድኩ። ሲስተር ግን የዘይቱን ዓይነት ጠየቀችኝ። ቤታችን የሚገባው ጎንደር ጠዋት ሲበርዳት ጀሪካኑ ውስጥ የሚረጋው የፓልም ዘይት ነበር። የሚረጋ ስብ፣ ቅቤም ጭምር፣ መጥፎውን ከፍ ያደርጋል። ወደ ኑግ ዘይት ዞርን። ውድ ነው፣ አልዋሽህም፤ ግን ትንሽ ስለምንጠቀም ወጪው ያን ያህል አልጎዳንም። ባቄላና ሽምብራውንም ጨመርን። በቀጣዩ ምርመራ 129 ሆነ።

ሁለት ነገር ተጠንቀቅ። ሐኪም የኮሌስትሮል መድኃኒት ካዘዘልህ «ቡድን ገብቻለሁ» ብለህ አትተወው። ከእኛ መሀል አንዲት እናት በራሳቸው አቋርጠው መጥፎው ተመልሶ ወጣባቸው። ትራይግሊሰራይድ ከ500 በላይ ከሆነ ደግሞ ቆሽት ሊያስቆጣ ስለሚችል ቡድን ሳትጠብቅ ሐኪም ጋ ሂድ። ያንተ እዚያ አልደረሰም።

እሁድ ሂድና ተመዝገብ። ከሦስት ወር በኋላ በባዶ ሆድ ተመርመርና እያንዳንዱን መስመር ለየብቻ እየው። ዛሬ ማታ ግን ጀሪካኑ ላይ ቀን ጻፍበት። ስንት ቀን እንደቆየ ስታውቅ እዚሁ ንገረን።