ቤቱ በወንድሜ ስም ነው፣ የተገዛው ግን በላክሁት ገንዘብ ነው

ጥያቄ፦ ቤይሩት በሰው ቤት 11 ዓመት ሠርቻለሁ። የማገኘውን ለታላቅ ወንድሜ እልክ ነበር። «ቤት ግዛልኝ» አልኩት፤ በ2010 ዓ.ም አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ቤት ገዛ። ካርታው በእሱ ስም ወጣ። «አንቺ እዚህ ስለሌለሽ ነው፣ ስትመጪ ይዞራል» አለኝ። እናታችን ስትታመም ጠቅልዬ መጣሁ። እሷን እያስታመምኩ፣ በመንገድ በኩል ባለው ክፍል ባልትና ልከፍት ነበር ያሰብኩት። አሁን ወንድሜ «ቤቱ የእኔና የሚስቴ ነው፤ አንቺ ረዳሽን እንጂ አልገዛሽም» ይለኛል። በመካከላችን የተጻፈ ነገር የለም። ልክሰሰው ወይስ ልተወው? ብከሰውስ እናቴ ምን ትሆናለች?
ስሜ ይቆይ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ለአገርሽ አበቃሽ። ስለ እናትሽ የጠየቅሽውን በኋላ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ሕጉ ምን እንደሚል በግልጽ ልንገርሽ። ደስ የማይለውን አስቀድማለሁ።

በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1195፣ ካርታ በስሙ የወጣለት ሰው የቤቱ ባለቤት እንደሆነ ይገምታል። ይህ ግምት የሚፈርስባቸው ምክንያቶች በአንቀጽ 1196 ተቆጥረው ተቀምጠዋል። ለምሳሌ ካርታውን የሰጠው ክፍል ሥልጣን ያልነበረው ከሆነ ግምቱ ይፈርሳል። «ገንዘቡን የላክሁት እኔ ነኝ» የሚለው ብቻውን ከእነዚህ ምክንያቶች ውስጥ የለም። በዚያ ላይ አንቀጽ 1723 ቤትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲደረግ ያዛል። «ስትመጪ ይዞራል» የተባልሽው ግን በቃል ነው። «ገንዘቡ ያንቺ ከሆነ ቤቱም ያንቺ ነው» የሚሉሽ ሰዎች ስለሚያዝኑልሽ ነው። ይህን ብቻ ይዘሽ ፍርድ ቤት ብትገቢ ግን ባዶ እጅሽን እንዳትወጪ እፈራለሁ።

ገንዘቡ ሌላ ጉዳይ ነው። አንቀጽ 2162 በሌላው ሰው ድካም ወይም ሀብት ያለ በቂ ምክንያት የበለጸገ ሰው፣ በተጠቀመበት መጠን ለዚያ ሰው እንዲክስ ያስገድዳል። ወንድምሽ ቤት እንዲገዛልሽ የላክሽውን ተቀብሎ ለራሱ ቤት ከገዛበት፣ ጥያቄሽ እዚህ ላይ ይቆማል። ዋናው አቅምሽም ይኼ ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ። አቤቱታ ስታስጽፊ «አበደርኩት» እንዳይባል። ጸሐፊዎች የገንዘብ ክርክር ሲሰሙ ብድር ብለው ሊጽፉት ይችላሉ። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር ደግሞ በአንቀጽ 2472 መሠረት የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በተደረገ እምነት (ተበዳሪው ራሱ በማመኑ) ወይም መሐላ ብቻ ነው። አንቺ ደግሞ አላበደርሽውም። «ቤት እንዲገዛልኝ ላክሁለት» በይ። የሆነውም ይኸው ነው።

ወንድምሽ «ረድታን ነው» ብሎ እንደሚከራከር አትጠራጠሪ። ከፊሉ እውነት ሊሆን ይችላል። በየወሩ ለእናትሽ ቀለብና መድኃኒት የላክሽው ይኖራል፤ እሱን ከሒሳቡ አውጪው። ሁሉንም ደምረሽ ከጠየቅሽ፣ እውነተኛው ክፍልም ይጠረጠርብሻል። ለቤቱ የላክሽው ግን ብዙ ጊዜ መጠኑም ቀኑም ያጋልጠዋል። ቤቱ የተገዛበትን ቀን ያዢና ከዚያ በፊት ባሉት ወራት የሄደውን ገንዘብ ፈልጊ።

የሐዋላ ደረሰኞችሽ ከጠፉ፣ የላክሽበትን ድርጅትና ገንዘቡ የገባበትን ባንክ ዝርዝሩን ጠይቂ። ባንኩ የወንድምሽን ሒሳብ ለአንቺ አይሰጥም፤ በክርክሩ ጊዜ ግን ፍርድ ቤት እንዲያስቀርብልሽ ማመልከት ትችያለሽ። በሰው እጅ የላክሽው ካለ አድራሹ ይመሰክርልሻል። በኢሞና በዋትስአፕ የተለዋወጣችሁት መልእክትና ድምፅም ዋጋ አለው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012፣ አንድ መልእክት በኤሌክትሮኒክ መልክ ስለሆነ ብቻ ሕጋዊ ውጤት አይነፈገውም ይላል። ስለዚህ ያንን ስልክ አትሽጪው፤ መልእክቶቹንም አታጥፊ።

ጊዜውንም አስቢበት። በመርህ ደረጃ የውል ግዴታን የሚመለከት ክስ በ10 ዓመት ይታገዳል፤ ይህ የጊዜ ገደብ ይርጋ ይባላል። ከ2010 ዓ.ም ወዲህ ያለውን ቁጠሪ፤ ብዙ አልቀረሽም። ወንድምሽ ዕዳውን ካመነ ወይም ከፊሉን ከከፈለ በአንቀጽ 1851 መሠረት ቆጠራው ተቋርጦ እንደ አዲስ ይጀምራል። አንቀጽ 1853 ደግሞ ገንዘብ ጠያቂው በቤተ ዘመድነት ምክንያት በጊዜው ሳይጠይቅ ከቀረ፣ ዳኛው የይርጋውን መቃወሚያ ሊያልፈው እንደሚችል ይናገራል። ይህን አንቀጽ እወደዋለሁ። ወንድሟን ለመክሰስ ዓመታት ያመነታችን ሴት ሕጉ አስቧታል። ቢሆንም «ሊያልፈው ይችላል» ነው የሚለው። ተስፋሽን በእሱ ላይ አትጣዪ።

ብዙ ሰው የሚረሳው ደግሞ የወንድምሽ ሚስት ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ላይ በሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) መሠረት፣ በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ እንደሆነ ይገመታል። የጋራ የሆነ ቤት ደግሞ ያለ ሁለቱ ስምምነት አይተላለፍም። ወንድምሽ ነገ ልቡ ራርቶ ብቻውን ቢፈርምልሽ አይበቃሽም። ቢፋቱም ሚስቱ ግማሹን ትጠይቃለች። ስለዚህ ስለ ቤቱ ስትነጋገሩ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እሷም አብራችሁ ትቀመጥ። እንደ ጠላት አትያት። ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ጨርሶ ሳይነገራት ቀርቶ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ እናትሽ። ከክስ በፊት ሽማግሌ አስቀምጪ እላለሁ። ምክንያቴ ክስ ነውር ስለሆነ አይደለም። የመጣሽው እናትሽን ልታስታምሚ ነው፤ ቤቱ ውስጥ ያለችውም እሷ ናት። ግን እርቁ በ«ይቅር ተባባሉ» እንዳያልቅ። በጽሑፍ ይሁን፣ ባልና ሚስቱ ይፈርሙበት፣ ሁለት ምስክር ይኑረው። ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ ብታስመዘግቡት ደግሞ ይበልጥ ይጸናል። ቤቱ ራሱ ወይም ድርሻው የሚዞርልሽ ከሆነ ግን ውልና ማስረጃ መሄድ ግዴታ ነው፤ ስሙም በካርታው ላይ መዞር አለበት። «ገንዘብሽን በየጊዜው እከፍላለሁ» ካለ፣ መጠኑና የመክፈያው ቀን ይጻፍ። እናትሽን ግን መልእክተኛ አታድርጊያት። በሁለት ልጆቿ መካከል ቃል እያመላለሰች በሽታዋ ላይ ሌላ ሸክም አይጨመርባት።

ባልትናውን በሚመለከት፣ በዚያ ክፍል ላይ ገና ገንዘብ አታፍስሺ። ወፍጮውም መደርደሪያውም ይቆይ። ንግድ ፈቃድ ስታወጪ የቤቱን ማስረጃ ወይም የኪራይ ውል ትጠየቂያለሽ፤ ያለ እነሱ ፈቃድ አይሆንልሽም። ክፍሉን መጠቀም እንደምትችዪ፣ እስከ መቼና በምን ያህል፣ በዚያው ስምምነት ውስጥ አስጽፊው። እምቢ ካሉ ሌላ ቦታ ትንሽ ሱቅ ተከራይተሽ ጀምሪ። የእንጀራሽ ነገር በዚህ ክርክር መጨረሻ ላይ መንጠልጠል የለበትም።

ሽምግልናው ካልተሳካ ክሰሺ። ስትከሺም አትሸማቀቂ፤ የጠየቅሽው የላብሽን ነው። ቤቱን ሊሸጡት ነው የሚል ወሬ ከሰማሽ ደግሞ አንድ ቀን አታሳድሪ። ክስሽን ስታቀርቢ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 154 መሠረት እግድ ጠይቂ። የዳኝነት ክፍያው የሚታሰበው በጠየቅሽው ገንዘብ ልክ ነው። አቅሙ ከሌለሽ በደሃ ደንብ ለመክሰስ ማመልከት ይቻላል። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ለሴቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ስትሄጂ ደረሰኞችሽን፣ ፓስፖርትሽን፣ መልእክቶቹ ያሉበትን ስልክና ከተቻለ የካርታውን ኮፒ ይዘሽ ሂጂ።